በሳር የተሸፈነ ምሽግ እንዴት ይነበባል? አንድ ቀን በሜይደን ካስል

ያሳሳተኝ ስሙ ነው። «ካስል» ሲባል የጎንደሩን የፋሲል ግንብ የመሰለ ነገር ጠብቄ ከለንደን በባቡር ተሳፈርኩ፤ ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዶርሴት አውራጃ ወረድኩ። ያገኘሁት ሳር የለበሰ ኮረብታ፣ ቀና ብለው እንኳ የማያዩኝ በጎች እና ኮፍያ የሚነጥቅ ነፋስ ነበር። ሦስት ፎቶ አንስቼ፣ ለትኬት ያወጣሁትን ገንዘብ እያሰላሁ ተመለስኩ። በዓመቱ ሁለት በትር፣ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ እና ደብተር ይዤ ስሄድ ግን ቀኑ አልበቃኝም። ቦታው ያው ነው፤ የተለወጠው አካሄዴ ነው።

ከዚህ በታች የምጽፈው ያንን አካሄድ ነው። ምሳሌዬ ሜይደን ካስል ቢሆንም፣ በብሪታንያ ሌላ የኮረብታ ምሽግ አጠገብ የሚኖር ሰው አብዛኛውን እንዳለ ሊጠቀምበት ይችላል።

ከመነሳትዎ በፊት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የእኛ አገር ሰው አምባ ያውቃል። ደብረ ዳሞ ወይም መቅደላ ላይ ገደሉ ራሱ ግንብ ነው፤ ለሰው የቀረለት መውጫውን መጠበቅ ብቻ ነው። ሜይደን ካስል ግን ከባሕር ወለል በላይ 132 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ፣ ላም እየጋጠች የምትወጣው ለስላሳ ኮረብታ ነው። ተፈጥሮ ገደል ስላልሰጣቸው ሰዎቹ ገደሉን በእጃቸው ሠሩት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ600 ገደማ፣ በብረት ዘመን፣ የኮረብታውን ምሥራቃዊ ጫፍ በጉድባና በአፈር ግንብ አጠሩ፤ የታጠረው ከስድስት ሄክታር ትንሽ የሚበልጥ ነበር። በ450 ገደማ ወደ ምዕራብ አስፍተው 19 ሄክታር አደረሱት። ከዚያም የልጅ ልጆቻቸው ግንቡን እያስረዘሙ፣ ከጉድባው ውጭ ሌላ ጉድባ እየጨመሩ ሄዱ። ዛሬ በአውሮፓ ካሉት የብረት ዘመን ምሽጎች ከትልልቆቹ አንዱ ነው።

1. ካርታውን ቤት ሆነው ይመልከቱ

የብሪታንያ የካርታ ሥራ ድርጅት፣ ኦርድናንስ ሰርቬይ፣ በመደበኛ የእግረኛ ካርታዎቹ ላይ የጥንት ቦታዎችን በሌላ ዓይነት ፊደል ይጽፋል። ከሮማውያን ዘመን ውጭ የሆነው ቅርስ ማዕዘናማ በሆነው የድሮ ጎቲክ ፊደል ይሰፍራል። ስለዚህ በጎቲክ ፊደል «ፎርት» የሚል ቃል ካዩና በዙሪያው ጥቃቅን ሰረዞች ክብ ሠርተው ካገኙ፣ የኮረብታ ምሽግ አገኙ ማለት ነው። የኦክስፎርድና የኤደንብራ ዩኒቨርሲቲዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ በኢንተርኔት በነፃ የከፈቱት አትላስ በብሪታንያና በአየርላንድ 4,147 እንዲህ ያሉ ቦታዎችን መዝግቧል። ለንደን ቢኖሩም በርሚንግሃም፣ ለቤትዎ የሚቀርብ አንድ አይጠፋም።

ቀጥለው የሊዳር ምስል ይፈልጉ። ሊዳር ከአውሮፕላን በሌዘር ጨረር የሚለካ የመሬት ቅርጽ ነው፤ በኮምፒውተር ሲሠራ ዛፉና ቁጥቋጦው ተነሥቶ እርቃኑን የቀረው መሬት ይታያል። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ያለ ክፍያ ያቀርበዋል። ምስሉን አትመው በላዩ ላይ ስስ ወረቀት ያድርጉና ጉድባዎቹን በእርሳስ ይከተሏቸው። እጅዎ የተከተለውን መስመር በማግስቱ እግርዎ ያውቀዋል።

2. ጥላ ያለበትን ሰዓት ይምረጡ

እኩለ ቀን ላይ አይሂዱ። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ሳር ሁሉ አንድ ወጥ አረንጓዴ ነው፤ የመጀመሪያው ጉዞዬ ያከሰረኝ በዚህ ምክንያት ነው። ምሽጉ የሚነበበው ማለዳ ወይም ፀሐይ ልትጠልቅ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀራት፣ ጥላው ረዝሞ ስንዝር የማይሞላው ጉብታ እንኳ ጠርዙ ሲጠቁር ነው። ክረምቱን ከቻሉት ከበጋው ይሻላል፤ ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ ዝቅ ብላ ትውላለች፣ ሳሩም አጭር ነው። ቀጭን ውርጭ የጣለበት ጠዋት ካጋጠመዎት ደግሞ ዕድለኛ ነዎት፤ ፀሐይ የነካው ጎን ሲቀልጥ ጥላ ያረፈበት ነጭ ሆኖ ይቆያል፣ ጉድባው ሁሉ በኖራ የተሰመረ ይመስላል።

3. ዕቃና ጉዞ

የሁለት ሜትር ቀጥ ያለ በትር ይያዙና በየአሥር ሴንቲ ሜትሩ ምልክት ያድርጉበት። የአንድ ሜትር ቀጥ ያለ ቀጭን ጣውላ፣ በግማሽ ውኃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ካሬ መስመር ያለው ደብተር እና እርሳስ ይጨምሩ። እርሳስ ያልኩት በዝናብ ስለማይፈስ ነው። ቆሎም አይርሱ፤ ኮረብታው ላይ ሱቅ የሚባል ነገር የለም።

ከለንደን ዋተርሉ ጣቢያ ወደ ዶርቼስተር ሳውዝ ባቡሩ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል። ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ በእግር ሠላሳ አርባ ደቂቃ ነው። በመኪና የሚመጣ ሰው ከኮረብታው ግርጌ ያቆማል። መግቢያ አይከፈልም። ጠንካራ ጫማ ያድርጉ፤ እርጥብ ሳር ያለበት ቁልቁለት በስኒከር አይሞከርም። በጎቹ የአካባቢው ገበሬ ንብረት ስለሆኑ የከፈቱትን በር መልሰው ይዝጉ።

4. ከአናት አይጀምሩ፤ በምዕራቡ በር ይግቡ

ሰው ሁሉ ቶሎ አናቱ ላይ ወጥቶ አካባቢውን ማየት ይወዳል። ይታገሡ። መጀመሪያ ምሽጉን ሊወጋው እንደመጣ ሰው ከታች ይዩት።

ከመኪና ማቆሚያው የሚወጣው መንገድ ወደ ምዕራቡ በር ያደርሳል። እዚያ መንገዱ ቀጥ ብሎ አይገባም፤ በአፈር ግንቦች መካከል እየታጠፈ ይዞርዎታል። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ቆም ይበሉና ሦስት ነገር ደብተርዎ ላይ ይጻፉ፦ ከፊትዎ ስንት እርምጃ ያህል ይታይዎታል? ከቀኝና ከግራ በላይዎ ሰው ሊቆም የሚችልበት ስንት ቦታ አለ? ወደ ኋላ ቢሸሹስ መውጫው ይታያል? ጓደኛ አብሮዎት ካለ ግንቡ ላይ ይቁም፤ እርስዎ በሥሩ ይለፉ። እኔ ስሞክረው ጓደኛዬ ከላይ ሆኖ ያለ ጩኸት፣ በተለመደ ድምፁ «አሁን መታሁህ» አለኝ። ሦስት ጊዜ ነው የተመታሁት፤ ገና የመጨረሻው በር አልደረስኩም ነበር።

ከዚያ ከበሩ ወደ ጎን ወጥተው ከጉድባዎቹ አንዱ ውስጥ ይውረዱ። ወለሉ ላይ ሲቆሙ ነፋሱ ይቆማል፣ ድምፅ ይጠፋል፤ ከሰማይም የሚታየው እንደ መቀነት ረጅምና ጠባብ ቁራጭ ብቻ ነው። ከዚህ ሆነው ጉድባዎቹንና ግንቦቹን አንድ በአንድ ይቁጠሩ። በደቡብ ጎንም በሰሜን ጎንም ይቁጠሩና ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ይጻፏቸው።

ጥንቸል የጫረችበት ቦታ ካገኙ ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። ከሳሩ ሥር ያለው ነጭ ነው፤ የትምህርት ቤት ጠመኔ የመሰለ፣ በጣት ሲነኩት የሚያነጣ ድንጋይ። በመካከሉ አንዳንድ ጥቁር ባልጩት ይታያል። ኮረብታው በሙሉ ጠመኔ ነው። እንግዲህ ያንን አረንጓዴ ከዓይንዎ ያንሱትና አዲስ የተቆፈረ ጉድባና አዲስ የተከመረ ግንብ ያስቡ። በተሠራበት ዘመን ይህ ኮረብታ ከሩቅ ለሚያየው ሰው እንደ ነጠላ ጥለት ነጭ ቀለበት በነጭ ቀለበት ላይ ታጥቆ ነበር።

5. የግንቡን ቁመና ይለኩ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ አንድ ሰዓት ይመድቡለት። በትሩን መሬት ላይ ያሳርፉት እንጂ አይትከሉት። ቦታው በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ አፈሩን መውጋትም መቆፈርም ክልክል ነው።

ከግንቡ አናት ይጀምሩ። የጣውላውን አንድ ጫፍ አናቱ ላይ ያሳርፉ፤ ሌላውን ጫፍ ወደ ጉድባው አቅጣጫ በአየር ላይ ይያዙት። ጠርሙሱን ጣውላው ላይ ያጋድሙትና ውኃው ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል እስኪሆን ጣውላውን ከፍ ዝቅ ያድርጉ። አሁን ጣውላው ልክ አግድም ነው። ጓደኛዎ በትሩን በጣውላው ጫፍ ላይ ቀጥ አድርጎ ያቁምና ከመሬት እስከ ጣውላው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ያንብብ። ይጻፉት። ከዚያ በትሩ ወደቆመበት ቦታ ወርደው እንደገና ይጀምሩ። እስከ ጉድባው ወለል ድረስ እንዲህ ይውረዱ፤ ወጣ ሲሉም በተቃራኒው።

ማታ ቤት ሲገቡ እያንዳንዱን ንባብ ካሬው ወረቀት ላይ ያስፍሩ፦ አንድ ካሬ ወደ ጎን፣ በንባቡ ልክ ወደ ታች። ነጥቦቹን ሲያገናኟቸው የግንቡ ቁመና ይወጣል። ቁጥሩ ድንገት የሚዘልበት ቦታ ቁልቁለቱ የተሰበረበት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከላይ የተናደው አፈር ያረፈበት ቦታ ይሆናል።

ከዚያ ሒሳቡ ይመጣል። ለምሳሌ የለኩት ጉድባ አፉ 10 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር ቢሆን፣ ቅርጹን እንደ ሦስት ማዕዘን ቆጥረው 10 በ3 አባዝተው ለ2 ያካፍሉ። 15 ካሬ ሜትር ይመጣል። ለእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 15 ሜትር ኩብ ጠመኔ ወጥቷል ማለት ነው፤ ለመቶ ሜትር 1,500። አንድ ሰው በቀን አንድ ሜትር ኩብ ቆፍሮ ቢያወጣ 1,500 የሥራ ቀን ነው፤ 50 ሰው ወር ሙሉ። ይህ የአንዱ ጉድባ መቶ ሜትር ብቻ ነው። በቅርጫት ተሸክሞ ግንቡ ላይ ማውጣቱን አልቆጠርንም፤ ለእነዚህ ሰዎች እህል የሚያበስለውንም አልቆጠርንም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ያገኙት ቁጥር ከእውነተኛው ያንሳል። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ግንቡ ወደ ጉድባው ሲንድ ኖሯል፣ ጉድባውም ሲሞላ። ግንቡ አጥሯል፣ የጉድባውም ጥልቀት ቀንሷል። «ይህን ያህል ብቻ ነው» የሚል ጎብኚ ካጋጠመዎት ይህን ይንገሩት።

6. ውስጡን ይዙሩ

ውስጡ ሜዳ ነው፤ ለዚህም ነው ሰው ቶሎ የሚሰለቸው። መፈለግ ያለብዎት ሦስት ነገር ነው።

ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲራመዱ በመካከል ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ሰፊ ገባታ አለ። የመጀመሪያው ትንሹ ምሽግ የምዕራብ ወሰን እዚያ ነበር። ምሽጉ ሲሰፋ የድሮው ግንብ ወደ ጉድባው ተመለሰ፤ ይሁን እንጂ መሬቱ አልረሳውም። ዝቅ ያለ ፀሐይ የሚያስፈልግዎት እዚህ ላይ ነው።

እንደዚሁም በምሥራቅ–ምዕራብ አቅጣጫ የሚጋደም ረጅም ጉብታ አለ፤ 546 ሜትር ይረዝማል። ይህ የምሽጉ አካል አይደለም፤ የድንጋይ ዘመን ሥራ ነው። ከብረት ዘመኑ ሰዎች ሦስት ሺህ ዓመት ያህል ቀድሞ ሌሎች ሰዎች እዚሁ ኮረብታ ላይ ግቢ አጥረው ነበር፤ ጉብታውን የከመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ በጣም ዝቅ ስላለ ብዙ ሰው በላዩ ሄዶ አያውቀውም። በቤትዎ የሳሉትን ካርታ አውጥተው ጫፉን ይፈልጉ።

ሦስተኛው በዓይን የሚታየው የድንጋይ መሠረት ነው፤ ወደ ሰሜን ምሥራቁ ጥግ ይሂዱ። በአራተኛው ምዕተ ዓመት የተሠራ የሮማ ዘመን ቤተ ጣዖት ነበር። ያኔ ምሽጉ ከተተወ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። እዚህ ቆሜ ሁልጊዜ የማስበው አንድ ነገር ነው፦ አክሱም ላይ ኢዛና ክርስትናን በተቀበለበት በዚያው ምዕተ ዓመት፣ እዚህ ደግሞ ለአሮጌ አማልክት አዲስ ቤት ይሠሩ ነበር።

የማይታየውንም ልንገርዎት። ከእግርዎ ሥር ጠመኔው ውስጥ የተፈለፈሉ ብዙ የእህል ጉድጓዶች አሉ። ሐረርጌ የኖረ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ማሽላ በጉድጓድ ማኖር እዚያ የታወቀ ነው። አፉ በጭቃ ሲደፈን ዳር ዳሩ ያለው እህል ትንሽ ይበቅልና ውስጡ ያለውን አየር ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ ነቀዝም ሻጋታም አያገኘውም። የብሪታንያ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጉድጓድ ቆፍረው፣ እህል ጨምረው ሞክረውታል፤ ከከረመው እህል አብዛኛው ደህና ሆኖ ወጥቷል። የሐረርጌ ገበሬ ቢጠየቅ ሙከራው አያስፈልግም ነበር።

7. በምሥራቁ በር ላይ ታሪኩን ሁለት ጊዜ ይስሙ

ከ1934 እስከ 1937 እ.ኤ.አ. ሞርቲመር ዊለርና ባለቤቱ ቴሳ ዊለር ይህን ቦታ ቆፈሩ፤ ቴሳ ሥራው ሳያልቅ በ1936 አረፈች። በምሥራቁ በር ላይ ያገኙት ሁለት ነገር ዓለምን አስደነቀ።

አንደኛው የወንጭፍ ድንጋይ ነው። አንድ ሁለት አይደለም፤ ከ20,000 በላይ። ከባሕር ዳርቻ ተለቅመው የመጡ፣ ውኃ ያለሰለሳቸው ድንጋዮች ናቸው። ልጅ ሆኜ ማማ ላይ ወጥቼ ማሽላ የጠበቅኩ ሰው ስለሆንኩ ይህ ገባኝ። የወንጭፍ ድንጋይ ማንም ያገኘው ድንጋይ አይደለም። ማዕዘን ያለው በአየር ላይ ይንገዋለላል፤ ትልቁ ክንድ ይጨርሳል፤ ትንሹን ነፋስ ይወስደዋል። ጥሩው የእንቁላል መጠንና ቅርጽ ያለው ነው። ወንዝ ወርደን በኪሳችን የምንሞላው እርሱን ነበር። ባሕር ዳርቻ ድረስ ሄደው 20,000 እንዲህ ያለ ድንጋይ የመረጡት ሰዎች ሥራቸውን ያውቁ ነበር። በበሩ ላይ ቆመው ወደ ውጭ ይመልከቱ፤ ከላይኛው ግንብ እስከ ውጨኛው ያለው ርቀት በወንጭፍ የሚደረስበት ነው።

ሁለተኛው መቃብር ነው። ዊለር ከበሩ አጠገብ ከ50 በላይ ሰዎች ተቀብረው አገኘ፤ አንዳንዶቹ ራሳቸው ተፈልጧል። የአንዱ አከርካሪ አጥንት ውስጥ የብረት ሹል ተሰክቶ ቀርቷል። ዊለር ይህን አይቶ የሮማ ጦር በ43 እ.ኤ.አ. ብሪታንያን ሲወር በቬስፓስያን መሪነት ምሽጉን ሰብሮ የጨፈጨፋቸው ናቸው አለ። ጥሩ ተራኪ ስለነበር ታሪኩ በመማሪያ መጻሕፍት ሁሉ ገባ።

አሁን ግን ሌላም ይስሙ። በ1985 እና 1986 የተደረገው ቁፋሮ ሮማውያን ከመምጣታቸው በፊት አብዛኛው ሰው ከምሽጉ እየወጣ እንደነበር አሳየ። በ2025 ደግሞ የቦርንማውዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አጥንቶቹን በራዲዮካርቦን መርምረው፣ ሰዎቹ በአንድ ቀን እንዳልሞቱ አስታወቁ። ግድያው ከክርስቶስ ልደት ጥቂት ቀደም ብሎ ጀምሮ በተለያየ ጊዜ፣ በበርካታ ትውልዶች ዕድሜ ውስጥ የደረሰ ነው። ብዙዎቹን የገደላቸው የሮማ ወታደር ሳይሆን ጎረቤት ወይም የገዛ ዘመድ ሊሆን ይችላል። አስጎብኚ ወይም አሮጌ መጽሐፍ የሮማውያኑን ጭፍጨፋ እንደ እርግጥ ሲነግርዎት ዓመቱን ይጠይቁ፤ ከ2025 በፊት የታተመ ከሆነ እንደ ዊለር ታሪክ ይስሙት።

8. ባዶ እጅዎን ይውረዱ፣ ወደ ሙዚየሙ ይሂዱ

ከኮረብታው ምንም አያንሱ፤ ጠጠርም ቢሆን። በ1979 የወጣው የጥንታዊ ሐውልቶችና የአርኪዮሎጂ ስፍራዎች ሕግ ቦታውን ይጠብቀዋል። ያለ ፈቃድ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ መጠቀም ብቻ ወንጀል ነው፤ «አላወቅኩም» ማለት ብቻውን አያድንም። የተሰበረ ሸክላ መሬት ላይ ካዩ ባለበት ፎቶ አንስተው፣ ቦታውን ካርታዎ ላይ ምልክት አድርገው ለሙዚየሙ ያሳውቁ።

የዶርሴት ሙዚየም ዶርቼስተር ከተማ መካከል ነው፤ የሚዘጋበትን ሰዓት ጠዋት ይመልከቱ፣ እኔ አንዴ ከደጁ ተመልሻለሁ። ያ ብረት የተሰካበት አከርካሪ እዚያ ነው። በዊለር ዘመን የሮማውያን ትልቅ ቀስት ያስወነጨፈው ነው ተብሎ ነበር፤ አሁን የጦር ጫፍ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ጎንበስ ብለው በጎን በኩል ይዩት፤ ብረቱ የገባው ከፊት ነው ወይስ ከኋላ የሚለውን ራስዎ ይወስኑ።

የወንጭፍ ድንጋዮቹም እዚያው አሉ፤ በመስታወት ውስጥ፣ ግራጫና ቡናማ። ለመጨረሻ ጊዜ ስሄድ ዓይኔ ከመካከላቸው አንዷን ለይቶ ያዘ፤ በአንድ በኩል ትንሽ የሾለች፣ ደህና ክብደት ያላት የምትመስል። ማሽላ ጠባቂ ብሆን መጀመሪያ የማነሣት እርሷን ነው።